የተጣበቁት ገጾች

ጋሽ አስናቀው መጽሐፍ ፈልጎ የመጣን ሰው «ምን ዓይነት ትወዳለህ?» ብሎ አይጠይቅም። «ምን እንዲያጋጥምህ አትፈልግም?» ነው የሚለው። ገበያተኛው ግራ ይገባዋል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ይህ ሰውዬ ነካ ያደርገዋል እንዴ ብዬ ነበር። ሱቃችንን የሚለየው አንድ ሳንቃ ብቻ ነው። እኔ በወዲህ በኩል ክር፣ ቁልፍና ዚፕ እሸጣለሁ፤ እሱ በወዲያ በኩል መጽሐፍ ይሸጣል፣ ያከራያል። ስለዚህ የእሱን ገበያ ባልፈልግም እሰማለሁ። ምን ያደርጋል መዋሸት፣ እፈልጋለሁም።

አንድ ጊዜ አሚር መጣ። አሚር ሸማ ተራ ውስጥ ቀሚስ የሚሰፋ ልጅ ነው፤ ያን ሰሞን እጮኛው ጥላው ሌላ አግብታ ነበር። ጋሽ አስናቀው ያችን ጥያቄውን ጠየቀው። አሚር አንገቱን ደፍቶ «ሠርግ» አለ። «ሠርግ እንዳይኖርበት።» ጋሽ አስናቀው አልሳቀም። ከመደርደሪያው አንድ የወንጀል ልብ ወለድ አወጣና «ይኼን ውሰድ፤ እስከ መጨረሻው ማንም ማንንም አያገባም። ሁሉም ሌባ ፍለጋ ላይ ናቸው» አለው። ልጁ ብዙም ሳይቆይ «ሁለተኛ ክፍል አለው?» ብሎ ተመለሰ።

ለሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ የታክሲ ሾፌሮች የሚሆን የስለላ መጽሐፍ አለው፤ ምዕራፉ አጭር ነው፣ ረዳቱ «ሞልቷል» እስኪል ያልቃል። ለተሸካሚዎቹ አጫጭር ልብ ወለድ ይሰጣል። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ታሪክ ፈልጋ «ጦርነት ግን እንዳይኖርበት፣ ሰልችቶኛል» ስትለው ብዙ አሰበና «እንግዲያው ታሪክ ይቅርብሽ» ብሎ የአንድ መንገደኛን የጉዞ ማስታወሻ ሰጣት። እኔን «አንቺስ?» ሲለኝ «እኔ እንዲያጋጥመኝ የማልፈልገው መጽሐፉን ራሱን ነው» አልኩት። ዝም ብሎ አንድ የቀልድ መጽሐፍ ሳንቃው ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ገበያ የቀዘቀዘ ቀን ከፈትኩት፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዓይኔ አላረፈም። ጋሽ እለዋለሁ እንጂ አንቱ አልለውም። ጎረቤት ነው፤ ስንጣላ አንቱ አይመችም።

መርካቶ የገባው ከቢቸና ወገን ነው፤ ጎረምሳ ሆኖ፣ አሮጌ ወረቀት በኩንታል የሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ተሸካሚ ሊሆን። ያኔ በርበሬውም ኮረሪማውም የሚጠቀለለው በወረቀት ነበር፤ ፌስታል እንዲህ አልበዛም። ደግሞ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መጽሐፍ በጆንያ ይጣላል። እሱ ይሸከማል፣ ቅመም ሻጮቹ እየቀደዱ ይጠቀልሉበታል። አንድ ቀን ቆሎውን እየቆረጠመ የተቀደደ ገጽ ሲያነብ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ የተዘጋውን በር ሊከፍት እጁን ዘረጋ፣ ገጹ እዚያ ላይ አለቀ። ጋሽ አስናቀው ኩንታሉን ሁሉ ገልብጦ ቀሪውን ፈለገ። አላገኘም። ከበሩ ጀርባ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ሲያስበው ይናደዳል። ከዚያ ወዲህ ሙሉ መጽሐፍ ባገኘ ቁጥር ከደሞዙ እያስቆረጠ ያስቀር ጀመር። ሱቋ የተወለደችው እንደዚያ ነው።

አላገባም። አማኑኤል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። «ለምን አላገባህም?» ብዬ ስነተርከው ይስቃል። አንድ ነገር ብቻ ሳይስቅ ነግሮኛል። እናቱ አገር ቤት የሞቱ ጊዜ ዘመዶቹ «ልጁ በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ይቆየው» ብለው መርዶውን ያዙት። በዚያ መሀል እሱ የጓደኛው ሚዜ ሆኖ እስክስታ መትቷል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ዘፍኗል። መርዶው ሲደርሰው ከሞቱ ይልቅ ያንገበገበው ጭፈራው ነው። «እናቴ አፈር ለብሳ እኔ ሱፍ ለብሼ» ይላል። መርዶ የሚደብቅ ሰው አይወድም። ይህን የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

እትዬ ያለምወርቅን ሸማ ተራ የማያውቃቸው የለም። ነጠላና ጋቢ ይሸጣሉ፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሱቃቸው በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ ነጠላ ዘርግተው ይቋጫሉ፤ ከነጠላው አጠገብ መጽሐፍ ተዘርግቶ አለ። ጣታቸው ይቋጫል፣ ዓይናቸው ያነባል። የጋሽ አስናቀው ጥያቄ ያልሠራው በእሳቸው ላይ ብቻ ነው። «ምን እንዲያጋጥምዎት አይፈልጉም?» ሲላቸው «ምንም ያጋጥመኝ፤ ብቻ ጥሩ ይሁን» አሉት። «ደግሞ ካላስለቀሰኝ ምኑን አነበብኩት?» ሲያለቅሱ ሳይደበቁ ነው፣ ሲስቁም ሰፈሩ ይሰማል። ጋሽ አስናቀው አዲስ መጽሐፍ ሲገባለት መጀመሪያ የሚያስቀምጠው ለእሳቸው ነው።

ሁለት ልጆች አሏቸው። ቶማስ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ እሁድ እሁድ ይደውላል። ሎዛ ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ስለሆነ ከእናቷ ጋር ትኖራለች። ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች። ከዚያ በፊት ሰባተኛ ወሯ ላይ ጽንስ ወርዶባት ራሷም ከሞት ነው የተረፈችው። ስለዚህ በዚህኛው እትዬ ያለምወርቅ ውሃ እንኳን አያስቀዷትም ነበር፤ ሰው ጮክ ብሎ ሲያወራባት ይቆጡ ነበር።

አንድ ማለዳ ገና ሱቄን ስከፍት የእትዬ ያለምወርቅ ታናሽ ወንድም ከተማ መጣ። ከተማ ድልድዩ ጋ ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ገና ሳይታይ ድምፁ የሚቀድመው ሰው ነው። ያን ቀን ድምፅ አልነበረውም። እኔንና ጋሽ አስናቀውን ወደ መጽሐፉ ሱቅ አስገብቶ በሩን ገርበብ አደረገና «ቶማስ የለም» አለን። ሌቦች ሱቁ ገብተው ተኩሰውበት ነው። ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል።

እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ከተማ ግን ለማልቀስ አልመጣም። «ሎዛ በሰላም እስክትገላገል፣ ልጁም ክርስትና እስኪነሣ አንድ ቃል እንዳይወጣ» አለ። ለእህቱ «ቶማስ ሥራ ቀይሮ ገጠር ገብቷል፣ እዚያ ኔትዎርክ የለም» ብሏቸዋል። እሳቸው የሚይዙት ቁልፍ ስልክ ነው፣ ፌስቡክ አያዩም። የሎዛን ስልክ ደግሞ ባሏ «ላሠራልሽ» ብሎ ወስዶታል።

«እስከዚያ ድረስ ልጃቸው እንዳለ አድርገን ልናወራቸው ነው?» አለ ጋሽ አስናቀው።

«እህቴ ሌላ ልጅ እንድታጣ ትፈልጋለህ?» አለው ከተማ። «እሷ ከጮኸች ሎዛ ትሰማለች። ሎዛ ከሰማች እንደዚያኛው ጊዜ ነው የምትሆነው። ሐኪሙም አስጠንቅቆናል።»

ከተማ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «መጽሐፍም ስትሰጣት አደራህን፣ ሞት ያለበት አትስጣት። ሆዷ ከባባ ትጠረጥራለች» አለው።

እስቲ ፈልጉ፣ ሞት የሌለበት መጽሐፍ። ያን ሰሞን በሳንቃው በኩል የምሰማው የጋሽ አስናቀውን ማጉረምረም ብቻ ነበር። ከፍቅሩ መደርደሪያ ጀመረ፤ «ይቺ በሳምባ ትሞታለች… ይኼ ገደል ይገባል… እነዚህ ደግሞ ሁለቱም።» ወንጀሉ ከመጀመሪያው ገጽ ሬሳ ነው። ታሪኩን ተዉት። መንፈሳዊው ሰማዕታት ነው። አንድ ግለ ታሪክ አንሥቶ «ይኼስ ራሱ ነው የጻፈው፣ አልሞተም» ብሎ ተስፋ አደረገ፤ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የሰውየው እናት ሞተች። ግጥሙን ሳይከፍት መለሰው። «ሙሉመቤት፣ እኛ አገር ሰው ካልሞተ መጽሐፍ አይጻፍም እንዴ?» አለኝ። «ያልሞተው ሰውማ ሥራ ላይ ነው፣ መቼ ይጽፋል?» አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ በምን ምክንያት እንደምንፈልግ ትዝ አለን።

መጀመሪያ የሰጣቸው የቀልድ መጽሐፍ ነው። «ልጅ አደረግኸኝ?» እያሉ ወሰዱት፤ ሳቃቸው እኛ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። ያ ሳቅ አንጀቴን በላው። ቀጥሎ ስለ ንብ እርባታ ሰጣቸው። ሸማ ተራን ስለ ንግሥቲቱ ንብ ሲያስተምሩ ከረሙ፤ እኔንም «ቶማስ ሲመጣ ቀፎ አስገዛዋለሁ» አሉኝ። «ይግዛልዎት» አልኩ። እንዲህ ያለ መልስ ሲመልሱ ምላስ እንዴት እንደሚከብድ የቀመሰ ያውቀዋል። ከዚያ የጉዞ ማስታወሻ፣ ከዚያ የተረት ጥራዝ ሰጣቸው፣ እያለ እያለ አለቀበት። እሳቸው ቶሎ ያነባሉ። መጽሐፍ ሲያጡ ደግሞ ስልካቸውን አንሥተው የቶማስን ቁጥር ይሞክራሉ። ለዚህ ነው ከተማ ጧት ጧት እየመጣ «ስጣት፣ አንድ ነገር ስጣት» እያለ የሚወተውተው።

የተረቱን ጥራዝ የመለሱ ቀን እየሳቁ «አስናቀው፣ ምነው? ዘንድሮ ሞት አለቀብህ እንዴ?» አሉት። እኔ በወዲህ በኩል ክው አልኩ። እሱ «ይገባል፣ እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አላቸው። ድምፁ የእሱ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ብቅ ብዬ ሳይ ሙጫ ይዞ መጽሐፍ ላይ ተጎንብሷል። የያዘው ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ አጥር ዕድሜ ልካቸውን ሲካሰሱ የሚያሳይ ልብ ወለድ ነው፤ አንብቤዋለሁ፣ ሆድ እስኪያም የሚያስቅ ነው። ብቻ መሀል ላይ የአንደኛው ጎረቤት ልጅ በሰው አገር ይሞታል። ሁለቱ ባላጋራዎች አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ይላቀሳሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይካሰሳሉ። ጋሽ አስናቀው እነዚያን ጥቂት ገጾች እርስ በርስ እያጣበቃቸው ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?» አልኩት።

«ዝናብ መትቶት ነው እላቸዋለሁ።»

«ዝናቡ ሌላውን ገጽ ፈርቶት ነው? አንብቦ አንብቦ የደነቆረ ሰው አንተን አየሁ። ቢቸግርህ ቀድደህ አታወጣቸውም?»

ቀና ብሎ አየኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ገንጥሎ ይጥላቸው ነበር፣ እትዬ ያለምወርቅም መጽሐፉ አሮጌ ነው ብለው ያልፉት ነበር። እሱ ግን ቅመም ሻጮቹ ሲቀድዱ እያየ ያደገ ነው፤ ገጽ መቅደድ አይሆንለትም። አንድ ቀን ተመልሶ ይላቀቃል ብሎ ነው ያጣበቀው። ከተማ ያን ጧትም መጥቶ ወትውቶት ሄዶ ነበር። መጽሐፉን ሰጣቸው።

እትዬ ያለምወርቅ ደግሞ ክር የሚቆርጡበት ምላጭ ከእጃቸው አይለይም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ሰላምታ አልሰጡኝም፣ ቀጥ ብለው ወደ እሱ ገቡ። መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ሲያስቀምጡት በሳንቃው ስንጥቅ አየሁ። የተጣበቁት ገጾች አንድ በአንድ ተከፍተዋል፤ ጠርዛቸው ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«ይኼን ያጣበቅከው አንተ ነህ?»

እሱ ጣቱን በተቆረጡት ጠርዞች ላይ አስኬደ።

«ዝናብ ነው እንዳትለኝ።»

«አልልም፣ እትዬ።»

ከመንገዱ «ወገብ! ወገብ!» እያለ መንገድ የሚያስለቅቅ ተሸካሚ አለፈ። እኔ የያዝኩትን የዚፕ ጥቅልል ማስቀመጥ እንኳን ፈራሁ።

«ስንት ሬሳ ነው አንተ ዘንድ የተሸከምኩት» አሉት እትዬ ያለምወርቅ። «አንዱንም ደብቀኸኝ አታውቅም። ይኼን ልጅ ለምን ደበቅከኝ?» እሱ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደሙት። «ተው። እንዳትነግረኝ። ማንም እንዳይነግረኝ። ካልነገራችሁኝ አልሰማሁም። ካልሰማሁ አልጮኽም። ልጄ እቤት ናት፣ ወሯ ገብቷል።»

ጋሽ አስናቀው «እትዬ…» ብሎ እዚያው ቀረ።

«አሁን የሚያስለቅስ ስጠኝ» አሉት። «ካለህ ሁሉ የባሰውን። እቤት ማልቀስ አልችልም። ሱቅ ላይም ባዶ እጄን ካለቀስኩ ሰው ይጠይቀኛል። መጽሐፍ ይዤ ካየችኝ ግን ሎዛን መጽሐፉ ነው እላታለሁ።»

በዚህ ሁሉ ዘመን መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ገበያ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ አስናቀው ምንም አልጠየቃቸውም። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረደ፤ አንዲት ባልቴት ደጀኔ የሚባል አንድ ልጇን ሩቅ አገር ልካ የምታጣበት ነው። እሳቸው መጽሐፉን በነጠላቸው ሥር አድርገው ወጡ።

ልሰድበው ዞርኩ። ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር፣ የሚያጠግበኝ። እሱ መሬት ላይ ተቀምጦ የሙጫውን ቆርቆሮ ክዳን ለመዝጋት ይታገላል፣ ክዳኑ አልገጥም ብሎታል። ስድቡን ትቼ ክዳኑን ተቀብዬ ገጠምኩለት። «ለከተማ ልንገረው?» አልኩት። «የእሳቸውን ምስጢር?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አፋችንን ዘጋን።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ያለምወርቅ ሱቃቸው በር ላይ መጽሐፍ ዘርግተው ያለቅሱ ጀመር። አላፊ አግዳሚው «እትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብዎት?» ይላቸዋል። «ደጀኔ ነዋ» ይላሉ። «ሳላየው፣ ሳልቀብረው፣ በሰው አገር።» ሸማ ተራ ሳቀባቸው። «እትዬ በደጀኔ ሞት ሊያብዱ ነው» ተባለ። ሎዛ ሆዷን ደገፍ አድርጋ ምሳ ስታመጣ «እማዬ፣ ኧረ ልብ ወለድ እኮ ነው» እያለች በሻሿ እንባቸውን ትጠርግላቸዋለች። እሳቸውም «አውቃለሁ፣ ልጄ፣ ደራሲው ነው እንዲህ ያደረገኝ» ይሏታል። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር መጽሐፉን አያለሁ። ሁልጊዜ ያው ገጽ ነው፤ ወደሚቀጥለው ተገልጦ አያውቅም።

ይባስ ብሎ ሴቶቹ «ያን ያለምወርቅን የሚያስለቅሳትን ስጠን» እያሉ ጋሽ አስናቀው ጋ ይሰለፉ ጀመር። ሌላ ቅጂ እንዳለው አውቃለሁ። «አልቋል» ይላቸዋል። ቀስ በቀስ ከሳ፣ ኮቱ ሰፋው። አሚር እንኳን «ጋሽዬ፣ ላጥብብልህ?» ብሎ ቀለደበት።

ከተማ ሲሰማ እየሮጠ መጣ። በመንገደኛው ፊት ቆሞ «ሞት ያለበት አትስጣት አላልኩህም? እንባዋን ሎዛ እያየች ነው! አደራ በላ!» አለው። ለጎጃም ሰው አደራ በላ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጋሽ አስናቀው እውነቱን ቢናገር በአንድ ቃል ይወጣው ነበር። «አጥፍቻለሁ» ብቻ አለ። እኔ ምላሴን ነክሼ ቆምኩ፤ ለእኔ ያን ያህል ዝም ማለት ምጥ ነው።

ሎዛ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላገለች። አርባው ሲሞላ አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሣ፣ እቤትም ድግስ ተደገሰ። እትዬ ያለምወርቅ አዲስ ቀሚስ ለብሰው እንግዳ ያስተናግዱ ነበር። የልጁን የቤት ስም ማን እንበለው ሲባል ሎዛ «ስሙን ወንድሜ ነው የሚያወጣለት፤ ቶማስ እስኪደውል ይቆይ» አለች። ቤቱ ውስጥ መርዶውን የምናውቅ ሁሉ ወደ ሳህናችን አቀረቀርን። «ደግ ብለሻል፣ እንጠብቀው» አሉ እትዬ ያለምወርቅ፣ ከዚያ እልልታውን ራሳቸው አስነሡት። ጋሽ አስናቀው እንጀራውን ትቶ ወጣ።

ከድግሱ በኋላ ባለው ሳምንት ከተማና ሽማግሌዎቹ ጎህ ሲቀድ መርዶውን ይዘው ገቡ። እኔም ከሴቶቹ ጋር ነበርኩ። ሎዛን ጓዳ ያዝናት፤ ስትሰማ የጮኸችውን ጩኸት መናገር አልፈልግም። እትዬ ያለምወርቅ ግን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ሽማግሌው ሲነግሯቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። አንዲት እንባ አልወጣቸውም።

ድንኳን ተጣለ፣ ሰው ሞላ። ረፋዱ ላይ እቤት ውስጥ በሴቶቹ መሀል ሹክሹክታ ተጀመረ። ከኋላዬ አንዷ «ለመጽሐፍ ስታነባ የከረመች ሴት ለገዛ ልጇ እንባ አጣች?» አለች። ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ተነሥቼ ጸጉሯን ልነጭላት ምንም አልቀረኝም። እትዬ ያለምወርቅም ሰምተዋል። ክንዴን ሳብ አድርገው ጆሮዬ ላይ «ሙሉዬ፣ ሰዉ እያየኝ ነው፣ አይደል?» አሉኝ። «እንባዬ እምቢ አለኝ። እባክሽ፣ አስናቀውን መጽሐፉን አምጣልኝ በዪው።»

ጋሽ አስናቀው ድንኳኑ ጥግ ላይ ነበር። ከተማ ስላኮረፈው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የተባልኩትን በጆሮው ነገርኩት። ተነሣ፤ ወደ ሱቁ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወደ እትዬ ያለምወርቅ ቤት አመራ። በሩ ላይ ከተማ «አንተ ደግሞ ምን ቀረህ?» ብሎ ደረቱን ያዘው። ጋሽ አስናቀው እጁን ቀስ ብሎ አነሣለትና በሴቶቹ መሀል አልፎ እትዬ ያለምወርቅ ፊት ተንበረከከ።

«መጽሐፉስ?» አሉት።

«መጽሐፉ ከእንግዲህ ምንም አያደርግልዎትም፣ እትዬ። እስከ ዛሬ ያለቀሱት በሰው ስም ነው። አሁን በስሙ ይጥሩት።»

«ሎዛ ትሰማለች» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ሰምታለች። ሁላችንም ሰምተናል። ይጥሩት።»

እትዬ ያለምወርቅ አፋቸውን ከፈቱ። የወጣቸው «ደጀኔ» የሚለው ነበር።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ያለምወርቅ ደንግጠው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ልጄን…» አሉ ከመዳፋቸው ሥር፣ «የልጄን ስም አፌ እምቢ አለ።» ጋሽ አስናቀው እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አነሣ። «ቶማስ» አላቸው፣ ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው። «ቶማስ ይበሉ።»

«ቶማስ» አሉ።

ሎዛ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። እትዬ ያለምወርቅ አዩዋት፤ ከልማዳቸው የተነሣ ፊታቸውን ሊያስተካክሉ ሞከሩ። ሎዛ እናቷን፣ ጋሽ አስናቀውን፣ ከዚያም እንደገና እናቷን አየች፤ ሲገባት በዓይኔ አየሁ። «እማዬ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር፣ ልጄ። አንቺን ፈርቼ ነው» አሉና ስሙን ጮኹት። ደግመው ጮኹት፣ ሎዛም ላያቸው ላይ ተደፋች፤ ከዚያ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ሌላ ስም ከአፋቸው አልወጣም።